ልጆቻችንን ምን ብለን እንጠይቅ? ስለ ክፍል ፈተና ዓይነትና አመራረጥ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የመምህራን የጓዳ ሥራ ተደርጎ ይታያል። ፈተና ይወጣል፣ ይባዛል፣ ይታረማል፤ ውጤቱ ሮስተር ላይ ይሰፍራል፤ ወላጅም ካርዱን አይቶ ይፈርማል። በዚህ ሁሉ መሀል "ፈተናው ለምን ምርጫ ሆነ? ለምን እውነት ሐሰት ሆነ? ልጆቹ ለምን ጻፉ አልተባሉም?" የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ሊጠየቅ ግን ይገባል። የጥያቄው ዓይነት ሁለት ነገር ይወስናልና፤ መምህሩ ስለ ልጁ ምን እንደሚያውቅ፣ ልጁም ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያጠና።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር እዚሁ ለገሃር ደጃችን ካለው ባቡር ጣቢያ እንነሣ። በዚህ ሰፈር የምታስተምር አንዲት የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርት የባቡሩን ታሪክ አስተምራ ጨርሳለች እንበል። አፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ በ1886 ዓ.ም. እንደፈቀዱ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ እንደደረሰ፣ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ ከግርጌው አዲስ ከተማ እንደተቆረቆረ ነግራቸዋለች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. እንደሆነ፣ ዛሬ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. እንደተመረቀ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ መሀል ከተማ ሳይገባ ዳር ለቡ ላይ እንደቀረ አስረድታለች። አሁን መፈተን አለባት። በምን ትፈትን?

እውነት ሐሰት ልታደርገው ትችላለች፦ "የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።" አዛምድ ልታደርገው ትችላለች፤ በ"ሀ" ሥር ዓመታቱን፣ በ"ለ" ሥር ድርጊቶቹን ትደረድራለች። ምርጫ አድርጋ "ድሬዳዋ የተቆረቆረችበት ዋናው ምክንያት የትኛው ነው?" ብላ አራት መልስ ልታቀርብ ትችላለች። አጭር መልስ ብትፈልግ "ሐዲዱ ሐረር ሳይገባ የቀረው ለምንድን ነው? በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱ" ትላለች። ማብራሪያ ብትፈልግ ደግሞ "የድሮው ጣቢያ ከተማው መሀል ነበር፤ አዲሱ ዳር ነው። ይህ ለመንገደኛውና ለነጋዴው ምን ጥቅም፣ ምን ጉዳት አለው? አቋማችሁን በምክንያት አስረዱ" ብላ አንድ ገጽ ታጽፋቸዋለች።

አምስቱም የሚጠይቁት ስለዚያው ባቡር ነው፤ ከልጁ የሚያወጡት ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ልጁ የቀረበለትን ዓመት ለይቶ ማወቁን ያሳያል። ሁለተኛው ድርጊትን ከጊዜ ማያያዙን ያሳያል። ሦስተኛው ትክክለኛውን ምክንያት ሲያየው የሚያውቀው መሆኑን ይነግረናል። አራተኛው ምክንያቱን ማንም ሳያቀርብለት ከራሱ ማውጣት መቻሉን ያረጋግጣል። አምስተኛው የተማረውን ይዞ ያልተማረውን ነገር ማመዛዘን መቻሉን ያሳያል። ሲያዩት ማወቅና ራስን ችሎ ማምጣት የተለያዩ ናቸው። ፈተናው ሁሉ ሲያዩት ማወቅን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ራስን ችሎ ስለ ማምጣቱ ምንም አላወቅንም፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን ሁለቱንም ያወቅን ያስመስለናል።

እስቲ ስለ ግምት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። መምህሩ አሥር የእውነት ሐሰት ጥያቄ አወጣ፤ በክፍሉ 60 ተማሪ አለ። ሁሉም ጥያቄውን ሳያነቡ ሳንቲም እየወረወሩ ቢመልሱ ምን ይሆናል? በሒሳቡ መሠረት ከ60ው 37 ያህሉ አምስትና ከዚያ በላይ ያገኛሉ፤ በእኛ ቋንቋ "አልፈዋል" ማለት ነው። አሥር የሚሆኑት ደግሞ ሰባትና ከዚያ በላይ ያመጣሉ። ጥያቄዎቹ አራት አማራጭ ያላቸው ምርጫዎች ቢሆኑ በግምት ብቻ ግማሹን የሚያገኙት ወደ አምስት ልጆች ይወርዳሉ። እውነት ሐሰቱ አሥር መሆኑ ቀርቶ አርባ ቢሆን ደግሞ ሰባ በመቶ በግምት የሚያመጣ ተማሪ ከመቶ አንድ አይሞላም። ከዚህ የምንረዳው የእውነት ሐሰት ጥያቄ ኃጢአቱ ማጠሩና ማነሱ መሆኑን ነው። አምስት ጥያቄ ብቻ ይዞ "እውነት ወይም ሐሰት በሉ" የሚል ኩዊዝ ዕድልን ይለካል። "ሐሰት ያላችሁትን ዓረፍተ ነገር አስተካክላችሁ ጻፉት" የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት ግን ያው ጥያቄ ዕውቀትን መለካት ይጀምራል።

አዛምድም የራሱ ቀዳዳ አለው። በ"ሀ" አምስት፣ በ"ለ" አምስት ከተደረደረ አራቱን ያወቀ አምስተኛውን በነፃ ያገኛል። በ"ለ" ሥር ሁለት ሦስት ትርፍ ድርጊቶች መጨመር ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ምርጫን በተመለከተ ደግሞ ተማሪዎቻችን ከእኛ ይልቅ አዋቂዎች ናቸው። ረጅሙ አማራጭ ብዙ ጊዜ መልስ እንደሚሆን፣ "ሁሉም መልስ ነው" የሚለው ሲመጣ እሱን ማክበብ እንደሚያዋጣ፣ ያላወቁትን "ሐ" ማለት እንደሚሻል እርስ በርስ ይመካከራሉ። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ይህን ዘዴ ያስተማራቸው የእኛ ችኮላ ነው።

ይህን ስል ምርጫን እያጣጣልሁ አይደለም። በደንብ የተሠራ ምርጫ መምህሩን ብዙ ያስተምራል። አንድ የሒሳብ መምህር "1/2 እና 1/3 ሲደመሩ ስንት ነው?" ብሎ 5/6፣ 2/5፣ 1/6 እና 2/6 የሚሉ አማራጮች አቀረበ እንበል። 2/5 ያለው ልጅ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሯል። 1/6 ያለው በመደመር ፈንታ አባዝቷል። 2/6 ያለው ታሕቱን አስተካክሎ ላዕሉን ረስቶታል። ሦስቱም ተሳስተዋል፤ ነገር ግን ሦስቱ የሚፈልጉት እርዳታ የተለያየ ነው። መምህሩ ስሕተቶቹን ከልጆቹ ደብተር ለቅሞ ስላመጣቸው እርማቱ የነገን ትምህርት ይነግረዋል። አማራጮቹን እንደ ነገሩ 7፣ 12፣ 100 ብሎ ቢደረድራቸው ኖሮ ግን የሚያገኘው "አወቀ፣ አላወቀም" ብቻ ነበር።

ታዲያ ሁሉንም ማብራሪያ ብናደርገውስ? እዚያም ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድ ተማሪን የእንግሊዝኛ የፈተና ወረቀት አባዝተው በ142 መምህራን አሳረሙ። ለዚያው ወረቀት አንዱ መምህር 64 ሲሰጥ ሌላው 98 ሰጠ። "ይህ ቋንቋ ስለሆነ ነው" ለሚሉ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት በጂኦሜትሪ ወረቀት ሞከሩት፤ ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ። ከ30 በታች የሰጠም፣ ከ90 በላይ የሰጠም ነበር። አንዱ መልሱን፣ ሌላው አካሄዱን፣ ሌላው የጽሕፈቱን ንጽሕና ነበርና የሚያርመው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መምህሩ ጥያቄውን በሚያወጣበት ዕለት የእርማት መስፈርቱንም ይጻፍ፤ ለምክንያት ስንት፣ ለማስረጃ ስንት፣ ለአጻጻፍ ስንት እንደሚሰጥ ይወስን። ተማሪዎቹም መስፈርቱን አስቀድመው ይወቁት። ሲያርም ደግሞ የአንዱን ልጅ ወረቀት ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ አንዱን ጥያቄ በሁሉም ወረቀት ላይ አርሞ ወደሚቀጥለው ይለፍ። የልጁ ስም፣ የመምህሩ ድካም፣ ከበላዩ የታረመው ወረቀት ጉብዝና ሁሉ ውጤቱን እንዳያዛባው ይረዳል።

መምህራን የምትሉኝን አውቃለሁ፦ "ጊዜው ከየት ይምጣ?" ልክ ናችሁ። 60 ተማሪ ያለበት አምስት ክፍል የሚያስተምር መምህር 300 ወረቀት አለበት። ለአንዱ ማብራሪያ አራት ደቂቃ ቢሰጥ 20 ሰዓት ነው። ይህን በየሳምንቱ አድርግ ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን በምርጫ ብቻ ከመፈተንና በየሳምንቱ 20 ሰዓት ከማረም መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ከ20 የሚታሰብ የሚድ ተርም ፈተና ስምንት ባለ አንድ ነጥብ ምርጫ፣ ሦስት ባለ ሁለት ነጥብ አጭር መልስና አንድ ባለ ስድስት ነጥብ ማብራሪያ ሊይዝ ይችላል። ማብራሪያው በአምስት መስመር ይወሰን፤ አምስቱ ክፍሎችም በተለያየ ሳምንት ይጻፉት። ሸክሙ ይከፋፈላል፤ ልጁም በሴሚስተሩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አሳቡን በራሱ ቃል ይጽፋል።

ፈተናን ከሚፈለገው ችሎታ ጋር ማዛመድ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤትን አስቡ። ሕፃኑ ሀሁን በተራው በዜማ ያጠናል፤ ጥቂት ከቆየ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል። ታዲያ ፊደሉን ለየ ወይስ ዜማውን ያዘ? አቡጊዳ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ ከለመደው ተራ ወጥቶ ይቀርብለታል፤ በዜማ ብቻ የያዘው ይደናቀፋል፤ የለየው ያልፋል። ይህ በአገራችን የተሠራ የፈተና ጥበብ ነው። ወደ ቅኔ ቤት ብንዘልቅ ተማሪው የሚፈተነው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ በማሰማት ነው። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይዞ ይጀምራል፤ መምህሩ ሰዋስውን፣ ምጣኔውን፣ ምሥጢሩን መርምሮ ያርመዋል። የጓደኛን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ስለሆነ ኮረጃ መግቢያ የለውም። ዜማ ቤት ደግሞ በቃል መያዝ ያለበትን ዜማ በቃል ያስብላሉ። ሊቃውንቱ መያዝ ያለበትን በቃል፣ መለየት ያለበትን በመለየት፣ መፈጠር ያለበትን በመፍጠር ይፈትናሉ።

ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ አደባባይ አቅጣጫ ብትሄዱ ደግሞ የሙያ ማሠልጠኛውን ተግባረ ዕድን ታገኛላችሁ። እዚያ ብየዳ የተማረ ልጅ ብየዳ ምን እንደሆነ በምርጫ መልሶ ብቻ አይመረቅም፤ ብረቱን በይዶ ያሳያል። በሙያ ብቃት ምዘናም ቢሆን፣ ሰው ሁሉ ሲኦሲ በሚለው ማለት ነው፣ ከጽሑፉ ሌላ የተግባር ፈተና አለ። መንጃ ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ ቲዎሪውን ያለፈ ሰው መሪ ጨብጦ ካልታየ ፈቃዱ አይሰጠውም። በእነዚህ ቦታዎች ስሕተት ወዲያው ስለሚታይ ማንም በወረቀት ብቻ አይታለልም። ፊዚክስና ባዮሎጂ ላይ ስንደርስ ግን ቤተ ሙከራ ያልገባ ልጅ ስለ ቤተ ሙከራ በምርጫ ይፈተናል፤ መቶም ያመጣል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ፣ ወደ 12ኛ ክፍል ፈተና ልምጣ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ፤ ግንቦት 22 ቀን ፈተናው ተሰረዘና ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና ተሰጠ። የ2014 ትምህርት ዘመን ተፈታኞች ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015 ውጤት 3.2፣ የ2016 5.4፣ የ2017 8.4 በመቶ ሆነ።

ከዚህ ውጤት ሁለት ነገር ማስተዋል ይቻላል። አንደኛ፣ የፈተናው ዓይነት አልተቀየረም፤ በፊትም ምርጫ ነበር፣ በኋላም ምርጫ ነው። የተቀየረው ጥበቃው ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በምርጫ ላይ መላከክ አያዋጣም፤ ሐቀኝነት ከሌለ ማንኛውም ፈተና ከንቱ ነው። እርግጥ አንዷ ፊደል በጣት ምልክት ክፍሉን ትዞራለች፤ የአምስት መስመር ማብራሪያ ግን እንደዚያ አይዞርም። ሁለተኛውና ለእኔ የሚከብደው ይህ ነው፦ እነዚያ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ከመድረሳቸው በፊት ለ12 ዓመት በየክፍሉ ተፈትነዋል። ኩዊዝ፣ ሚድ፣ ፋይናል ወስደዋል፤ ከክፍል ክፍል ተዛውረዋል። ይህን ያህል ጉድለት ሲጠራቀም የክፍሉ ፈተና እንዴት አላየውም? በመጨረሻው ዓመት ብቻ መደንገጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደ የንባብ ምዘና የነገሩን ሥር ያሳያል። መዛኞቹ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስቀምጠው በአፍ መፍቻ ቋንቋው አጭር ታሪክ ሰጡትና "አንብብ" አሉት። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንዱ ያህል አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም። እነዚህ ልጆች 1ኛ ክፍልን ጨርሰው ያለፉ ናቸው። በጽሑፍ ፈተና ማክበብና ማዛመድ ይቻላል፤ ከጎን ያለውን ማየትም ይቻላል። ድምፅ አውጥቶ ማንበብን ግን በማክበብ መተካት አይቻልም። ለንባብ ትክክለኛው ፈተና ማስነበብ ነው፤ ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን አምስት ልጅ ቢያነብ የ60 ልጆች ክፍል በ12 የትምህርት ቀን ይዳረሳል።

አገር አቀፉ ፈተና ምርጫ የሆነበት በቂ ምክንያት አለው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት በጥቂት ሳምንት፣ በአንድ ሚዛን መታረም አለበት፤ ለዚያ ከማሽን የተሻለ የለም። የክፍል መምህር ግን በዚህ ግዴታ ውስጥ አይደለም። ልጁን በስሙ ያውቀዋል፤ አካሄዱን ማየት፣ "እንዴት እዚህ ደረስህ?" ብሎ መጠየቅ፣ ሲያነብ መስማት ይችላል። መምህሩ ማሽን ሊያደርገው የማይችለውን ሥራ ትቶ የማሽኑን ፈተና በክፍሉ ከቀዳ፣ ልጁን የሚያይለት ሌላ ማንም የለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ያመጣው ለዚህ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤት ግን ተከታታይ ምዘና ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀረ፤ አንዱ ትልቅ ምርጫ በአምስት ትንንሽ ምርጫ ተተካ።

ፈተና የሚፈተንበትን ልጅ እንደሚቀርጽ የዓለም ታሪክም ይመሰክራል። ቻይና እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ድረስ ሹማምንቷን በፈተና ትመርጥ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ምዕተ ዓመታት ፈተናው ስምንት ክፍል ያለው፣ አጻጻፉ በጥብቅ የተወሰነ ድርሰት ሆነ። የአገሪቱ ብሩህ ወጣቶች ዕድሜያቸውን ያን ቅርጽ በማጥናት ጨረሱ። ድርሰትም ቢሆን በአንድ መልክ ከደረቀ ሽምደዳ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ "የትኛው የፈተና ዓይነት ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም፤ "ለምን ዓላማ?" ተብሎ ሲጨመርበት ነው መልስ የሚያገኘው።

አመራረጡን ባጭሩ ልንገራችሁ። መምህሩ ጥያቄ ከማውጣቱ በፊት ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ግሡ ዓይነቱን ይነግረዋል። "ይለያል" ካለ ምርጫና አዛምድ ይበቃሉ። "ይጠቅሳል" ካለ ባዶ ቦታ ሙላና አጭር መልስ ናቸው። "ምክንያቱን ያስረዳል፣ ያነጻጽራል" ካለ መጻፍ ወይም መናገር አለበት። "ይሠራል፣ ይለካል፣ ያነባል" ካለ ሲያደርገው መታየት አለበት። ቀጥሎ የፈተና ቢጋር ያዘጋጅ፤ ከአሥር ክፍለ ጊዜ ስድስቱን የወሰደ ምዕራፍ ከጥያቄዎቹም ስድሳ በመቶ ያህል ይውሰድ። መልሱን ጽፎ ይሥራው፤ ራሱ የተደናገረበትን ጥያቄ ያስወግደው። ካረመ በኋላ ብዙ ልጆች የወደቁበትን ጥያቄ ለይቶ ይመርምር፤ ጥያቄው ተበላሽቶ ከሆነ ይሰርዘው፣ ትምህርቱ አልገባ ብሎ ከሆነ እንደገና ያስተምረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ጥያቄ ነጥብ ሊኖረው አይገባም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንብበው ሳያዩ የሚያስታውሱትን የጻፉት ነበሩ። መጠየቅ ራሱ ያስተምራል። በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ "ትናንት የተማርነውን ደብተር ሳትገልጡ በሦስት መስመር ጻፉ" ማለት እርማትም ነጥብም አይፈልግም።

ርእሳነ መምህራን፣ ፈተና ተባዝቶ ከመሰጠቱ በፊት ስትፈርሙ "ገጹ ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ልጁ በራሱ ቃል የሚጽፍበት ቦታ የት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መምህራን፣ ለሚቀጥለው ሚድ ተርም አንዲት የማብራሪያ ጥያቄ ከነመስፈርቷ አዘጋጁ፤ ከዚያ ጀምሩ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲገባ "ስንት አመጣህ?" ብላችሁ አታብቁ፤ የታረመውን ወረቀት አስመጡና አንዱን ጥያቄ መርጣችሁ "እስቲ ይህን አስረዳኝ" በሉት። ማስረዳት ካቃተው በካርዱ ላይ ያለው 90 አያኩራራችሁ። ማስረዳት ከቻለ ደግሞ 60 አያስደንግጣችሁ። የትምህርቱን እውነተኛ ዋጋ ከቁጥሩ ይልቅ እዚያ ታገኙታላችሁ።